ሰኞ ገበያን የዘለለው የደሴ ጉብኝት

መምህር ተማሪዎቹን አስከትሎ አንዲት ታሪካዊት ከተማ በእግር ማስጎብኘቱ የትምህርት አንድ ክፍል ነው ከተባለ፤ ጉብኝቱም እንደ መጽሐፍና እንደ ትያትር ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል። እንደ ማናቸውም ድርሰት መነሻና መድረሻ አለው፤ አንዱን ነገር ያጎላል፤ ሌላውን ትቶ ይሄዳል። በደሴ ከተማ ለተማሪዎች የተለመደው ጉብኝት ትቶት የሚሄደው ነገር ከሚያጎላው ይበልጣል።

አስጎብኚው ዘወትር የሚጀምረው ከከተማዋ ስም ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ስፍራ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ እርሳቸውም ተደስተው ቦታውን «ደስዬ» አሉት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1882 ታላቅ ጅራታም ኮከብ በብዙ አገር መታየቱ የታወቀ ስለ ሆነ፤ ወጉን እንደ ተራ ተረት መናቅ አይገባም። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ወደ አይጠየፍ ግቢ ይወጣሉ፤ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ ያያሉ፤ ድኃውንና ባለጸጋውን ሳይለይ ያበላ ስለ ነበር ስሙ እንደ ወጣለት ይነገራቸዋል። ንጉሡ በግንቦት 1906 ዓ.ም. ዘውድ መጫናቸው፤ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ድል መሆናቸው ከነቀኑ ይተረካል። ቀጥሎ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ወደ ነበረው ወደ ደሴ ሙዚየም ይሄዳሉ። ይህ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት በተያዘች ጊዜ ተዘርፏል። ስለዚህ ጉዳት አስጎብኚው ሳይፈራ፤ በቁጭትም ይናገራል፤ መናገሩም የተገባ ነው።

የሚያስገርመው ግን ስለ ቅርቡ ቁስል እንዲህ የሚናገር አንደበት ስለ አሮጌው ቁስል ዝም ማለቱ ነው። ከጅራታሙ ኮከብ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፤ በግንቦት 1870 ዓ.ም.፤ ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው የቤተ ክርስቲያንን የሃይማኖት ክርክር ከቈረጠ በኋላ፤ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። ትእዛዙን ያልተቀበሉት ሸፈቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ሼህ ጦልሃ ነበሩ፤ ብዙ ሰውም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በጉብኝቱ ላይ ይህ ሁሉ «ንጉሥ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር» በሚል በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ለሚሰማው ሰው ንጉሡ ካባ የቀየሩ እንጂ ሃይማኖት የለወጡ አይመስሉም።

የዝምታው ምክንያት የተሰወረ አይደለም። በሰልፉ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ አስጎብኚው ደግሞ ማንንም ማስቀየም አይወድም። ስለዚህ «ወሎ የፍቅር አገር ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ፍቅሩ ምን ካለፈ በኋላ እንደ ጸና ካልተነገረው፤ ተማሪው ፍቅርን እንደ አየሩና እንደ ውሃው ከሰማይ የተሰጠ አድርጎ ይቈጥረዋል። እንዲያ ካለ ትእዛዝ በኋላ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች አንዱ ፍልሰታን፤ ሌላው ረመዳንን እየጾመ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ብዙ ትዕግሥት የጠየቀ የሰው ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው ጣፋጭ ቃል በሌላም አገር ይሠራበታል። በስፔን የምትገኘው ጥንታዊት ከተማ ቶሌዶ «የሦስቱ ባህሎች ከተማ» ትባላለች፤ በጠባብ መንገዶቿ የሚመሩ ተማሪዎችም ስለ ክርስቲያኖች፣ ስለ ሙስሊሞችና ስለ አይሁድ አብሮ መኖር ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ1492 አይሁድ ከስፔን መባረራቸው፤ በ1502 ደግሞ የካስቲል ሙስሊሞች ወይ እንዲጠመቁ ወይ አገር እንዲለቁ መታዘዛቸው ለዚህ ቃል አይመችም። ይሁን እንጂ በቶሌዶ አስጎብኚው ቢዘነጋ እንኳ ግንቡ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ999 መስጊድ ሆኖ ተሠርቶ ኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነ አንድ ትንሽ ሕንፃ አለ፤ በፊቱ ላይ የተሠራበት ዘመን በዐረብኛ በጡብ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። በደሴ ግን ያን ዘመን ይበልጥ የሚያስታውሰው ከግንቡ ይልቅ የሰዉ አኗኗር ነው። አኗኗሩን ለማየት ደግሞ ወደ ገበያ መውረድ ያስፈልጋል።

ሰኞ ገበያ ስሙን ከገበያው ቀን ያገኘ ሰፈር ነው። የደጋው ሰው ገብስና ባቄላውን፤ የቆላው ሰው ማሽላውን ይዞ ይገናኝበታል። በዚያ የሚያልፍ ተማሪ ነጋዴውን በስሙ ሲጠሩት ቢያዳምጥ፤ የልጁ ስም ከአንደኛው ሃይማኖት፤ የአባቱ ስም ከሌላው ሆኖ ያገኘው ይሆናል። መስቀል ያሰረች ሴት ያዘነችውን ጎረቤቷን «አብሽሪ» ስትል ይሰማል። ሥጋ ቤቶችን ቢመለከት በአንዱ ላይ መስቀል፤ በሌላው ላይ ጨረቃ ተሥሎ ያያል። ይህ ምልክት በአይጠየፍ ግቢ ከሰማው ወግ ጋር ሲገናኝ፤ አስጎብኚው ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ይወለዳል፦ ሁሉ ይበላበት ነበር በተባለው አዳራሽ ሥጋውን ያረደው የማን ቢላዋ ነው? ለመልሱ ተማሪው ከቤቱ ያየው ማስረጃ አለው። ወሎዬ ሠርግ ሲደግስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ያሳርዳል፤ ወጡንም በየድስቱ ያሠራል፤ እንግዳው ግን በአንድ ዳስ ይቀመጣል። መለየትና መጠየፍ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር በሙዚየሙ ውስጥ፤ ከመዘረፉ በፊትም ቢሆን፤ ሊገኝ አይችልም ነበር።

ገበያው ለጉብኝት አይመችም የሚሉ ይኖራሉ። ግፊያ አለ፤ ኪስ አውላቂ አይታጣም፤ የአስጎብኚውም ድምፅ አይሰማም። የመጨረሻው እንኳ ጉዳት አይመስልም፤ እርሱ ዝም ሲል ተማሪው ይጠይቃልና። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው መሰናክል የቀኑ ነገር ነው። ጉብኝቱ ትምህርት በማይኖርበት በቅዳሜ ይደረጋል፤ ሰኞ ገበያው ሞልቶ ሲውል ተማሪው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ቅዳሜ ያየውን አዳራሽ ርዝመትና ወርድ በደብተሩ ይጽፋል።