ከመሬት 15 ጫማ ከፍ ያለች ከተማ

የካልጋሪ መሐል ከተማ ሁለት ምድር አለው። አንደኛው እግዜር የሰጠው፣ በብርዱ ወራት በረዶ የሚጋገርበት፣ ነፋስ የሚያፏጭበት የታችኛው ምድር ነው። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤቱና የሕንፃ ባለቤቶች ተዋውለው የሠሩት ነው። ከታችኛው 15 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ሰውን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ በመስተዋት ድልድይ ያሻግራል። ስሙም ከቁመቱ የተወሰደ ነው፤ «ፕላስ ፊፍቲን» ይሉታል። ከ80 በላይ ድልድዮችና ወደ 16 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መተላለፊያ አለው። የሮኪ ተራሮች ከሩቅ በሚታዩባት በዚህች የካናዳ ምዕራባዊ ሜዳ ከተማ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ጠዋት ከገባ በኋላ ቡናውን ጠጥቶ፣ ባንክ ደርሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ምሳውን በልቶ እስኪመሽ ድረስ አንዴም ደጅ ሳይረግጥ ሊውል ይችላል።

ስለ ካልጋሪ ኪነ ሕንፃ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከሰማይ ጠቀሶቹ ነው። ይህ ጸሐፊ ከድልድዮቹ መጀመርን መርጧል። ዝነኞቹን ሕንፃዎች የነደፏቸው ከውጭ የተጠሩ ስመ ጥር ሰዎች ናቸው፤ ድልድዮቹን ግን ከተማዋ ራሷ ናት ያሰበቻቸው። የአንዲት ከተማ ጠባይ የሚታወቀው ደግሞ በክት ልብሷ ሳይሆን በአዘቦት ልብሷ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ሲጠነሰስ ክፉ አልነበረም። የፕላስ ፊፍቲን አባት የሚባለው አርክቴክት ሃሮልድ ሃነን ነው፤ በ1960ዎቹ ማብቂያ በከተማው የፕላን መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። እግረኛን ከመኪና ለይቶ ማስኬድ በዚያን ዘመን በየአገሩ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ሕልም ነበር። ካልጋሪ ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድበት ቀን አላት። እርግጥ ነው፣ «ችኑክ» የሚባለው ሞቃት ነፋስ ከተራራው ሲወርድ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያንን ሁሉ ብርድ ጠራርጎ በረዶውን ያቀልጠዋል። ግን ችኑክን ጠብቆ ሥራ የሚገባ ሰው የለም። የመጀመሪያው ድልድይ በ1970 ተከፈተ። ማዘጋጃ ቤቱ የተጠቀመበት ዘዴም ብልኀት ያለው ነበር፤ ድልድይ የሚሠራ፣ ወይም ለድልድይ ማሠሪያ ገንዘብ የሚያዋጣ ባለ ሕንፃ፣ ከተወሰነለት በላይ ወለል እንዲገነባ ይፈቀድለታል። ከተማዋ ድልድይ አገኘች፤ ባለ ሕንፃው ፎቅ አገኘ። ያልተጠየቀው መንገዱ ብቻ ነው።

ሱቅ የሚሄደው ገበያተኛው ወደሚሄድበት ነው። ገበያተኛው ፎቅ ሲወጣ ሱቁም ተከትሎት ወጣ። ከታች ምን ቀረ? የመኪና ማቆሚያ በር፣ የዕቃ ማራገፊያ፣ ጨለምለም ያለ መስተዋት፣ አንድም ሰው የማይገባበትና የማይወጣበት ግድግዳ። የቀድሞዎቹ የድንጋይ ሕንፃዎች የቆሙበትና ለእግረኛ የተለቀቀው የስቲቨን ጎዳና ከዚህ ነገር አምልጧል፤ ምግብ ቤቱም፣ ሙዚቀኛውም፣ ፀሐይ የሚሞቀውም እዚያ ይገኛል። ከእሱ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ግን በጁላይ ብሩህ ቀን እንኳ የእግረኛው መንገድ ጭር ይላል።

ይህን ነገር ከኪነ ሕንፃ ሐያሲዎች ይልቅ የፊልም ሰው ቀድሞ አይቶታል። የካልጋሪው ዳይሬክተር ጋሪ በርንስ በ2000 «ዌይዳውንታውን» የሚል ፊልም ሠርቷል። ጥቂት ወጣት የቢሮ ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዝ ያስይዙና ማን ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ደጅ ሳይወጣ እንደሚቆይ ይወራረዳሉ። ውርርዱ ቀልድ ነው፤ ቀልዱ የሚሠራው ግን ከተማዋ የምር ስለ ፈቀደችው ነው። ተመልካቹ እየሳቀ ይቆይና የገጸ ባሕርያቱ ትንፋሽ ሲያጥር የራሱም አብሮ ያጥራል።

ከብርድና ከሙቀት ይልቅ ክርክሩን የሚያከርረው የቁልፍ ጉዳይ ነው። የላይኛው ምድር የሚያልፈው በሰው ሕንፃ ውስጥ ነው። ጥበቃ አለው፣ ሰዓት አለው፤ ሲመሽ ይዘጋል። ታዲያ ሠራተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቢሮ ሲያጸዳ አምሽቶ ለሚወጣው ሰው ያ ሁሉ መስተዋት ምኑ ነው? ብርዱ ይበልጥ የሚከፋው በእሱ ሰዓት ሆኖ ሳለ እሱ የሚሄደው በታችኛው ምድር፣ በዚያ ሱቅ በተሰደደበት መንገድ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰማይ ጠቀሶቹ እንለፍ። ከሁሉ የሚጠቀሰው «ዘ ቦው» ነው፤ ስሙን ከከተማዋ ወንዝ ወስዷል። ንድፉ የእንግሊዛዊው የኖርማን ፎስተር ድርጅት ሲሆን በ2012 ሥራ ላይ ዋለ። 58 ፎቅ፣ 236 ሜትር። እንደ ጨረቃ ግማሽ ታጥፎ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ስላዞረ ፀሐይ ይሰበስባል፤ መታጠፉም የነፋሱን ጉልበት ያለዝበዋል። ክብደቱን የሚሸከመው የሦስት ማዕዘን ብረት ከውጭ ይታያል። ይህን ጸሐፊ ደስ የሚያሰኘውም ይኸው ነው፤ ሕንፃው እንዴት እንደ ቆመ አይደብቅም። ከፊት ለፊቱ ስፔናዊው ቀራፂ ሃውሜ ፕሌንሳ 12 ሜትር የሚረዝም፣ ከነጭ የብረት መረብ የተሠራ የልጃገረድ ራስ አቁሟል። ሰው ውስጡ ገብቶ ወደ ላይ ይመለከታል። በዚያ ሰፈር በታችኛው ምድር ላይ ሰውን ያለ ጉዳይ የሚያስቆም ነገር ቢኖር ይህ ራስ ነው።

ሕንፃው ለዋና መሥሪያ ቤትነት የታሰበለት ኤንካና የተባለው የነዳጅና የጋዝ ኩባንያ ግን ግንባታው ሳያልቅ በ2009 ለሁለት ተከፈለ። በ2020 ስሙን ለውጦ ዋና መሥሪያ ቤቱን አሜሪካ፣ ዴንቨር አደረገ። መካከል ላይ፣ በ2014፣ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ወድቋል። ሰማይ ጠቀስ ግን እንደ ዋጋ ቶሎ አይወርድም። ታስቦ የተጀመረው ሁሉ መጨረስ ነበረበትና 247 ሜትር የሚረዝመው የብሩክፊልድ ሕንፃ ተከራይ በጠፋበት ሰሞን፣ በ2017፣ ተጠናቀቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመሐል ከተማው ቢሮ ሲሶው ገደማ ባዶ ሆነ።

ማዘጋጃ ቤቱ በ2021 ያደረገው ነገር የሚያስመሰግነው ነው። ባዶ ቢሮውን ወደ መኖሪያ ቤት ለሚለውጥ ባለ ሕንፃ በካሬ ጫማ 75 የካናዳ ዶላር ድጎማ እሰጣለሁ አለ፤ እስከ 2031 ድረስ 6 ሚሊዮን ካሬ ጫማ ቢሮ ከገበያ የማስወጣት ዕቅድ ነበረው። ሌሎች የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ለመቅዳት መጡ። ሲየራ ፕሌስ የተባለው የቀድሞ ቢሮ አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች መጠለያ ሆኗል። ነገሩ ግን ፈገግ ያሰኛል፤ አንድ ጊዜ ድልድይ ለሠራልኝ ወለል እጨምርለታለሁ ያለ ማዘጋጃ ቤት፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ ወለል ቢሮ አታድርጉልኝ ብሎ ከኪሱ ይከፍላል።

ቢሮን ቤት ማድረግ ግድግዳ አፍርሶ ግድግዳ መሥራት ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይሳሳታል። የቢሮ ወለል ሰፊ ነው፤ ከመስኮቱ እስከ መሐሉ ረጅም ርቀት አለው። ቢሮ ውስጥ መሐል ላይ ያለ ጠረጴዛ በመብራት ይሠራበታል፤ መስኮት የሌለው መኝታ ቤት ግን መቃብር ነው። የውሃና የፍሳሽ ቧንቧውም አንድ ቦታ፣ አሳንሰሩ አጠገብ ተሰብስቧል፤ ለየቤቱ ማድረስ ወለል መብሳት ነው። ስለዚህ ለለውጥ የሚመቹት በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተሠሩት፣ ወገባቸው ቀጠን ያለው፣ ማንም በፎቶግራፍ የማያነሣቸው ሕንፃዎች ናቸው። ዝነኞቹ ወፍራሞች ናቸው።

ደግሞስ ሰው እዚያ መኖር ሲጀምር የሚፈልገው ምንድን ነው? በምሽት ሦስት ሰዓት ወተት የሚገዛበት ሱቅ ነው። ልጁን ይዞ የሚወጣበት ደጅ ነው። ቢሮ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ድልድይ ለነዋሪ አይሆነውም። 50 ዓመት ሙሉ የተዘነጋው የታችኛው ምድር አሁን ሂሳቡን ይጠይቃል፤ ካሬ ጫማ እየቆጠሩ የሚሰጡት ድጎማም ይህን ሂሳብ አይከፍልም።

ከፍ ማለት በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን የሚያሳይ ሕንፃ በዚያው ከተማ አለ። ስኖሄታ የተባለው የኖርዌይ ድርጅትና ዳያሎግ የተባለው የካናዳ ድርጅት አብረው የነደፉት፣ በኖቬምበር 2018 የተከፈተው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቦታው ለሕንፃ የማይመች ነበር፤ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው የከተማ ባቡር ሐዲድ ታጥፎ በመሐሉ ያልፋል። ነዳፊዎቹ ሐዲዱን ሸፍነው ሕንፃውን ከላዩ አስቀመጡት። እንግዲህ ይህም ከመሬት ከፍ ያለ ሥራ ነው። ልዩነቱ ሁለት ወገን በሚወርዱት ደረጃዎች ላይ ነው፤ ከመሐል ከተማው የመጣ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለው ቅስት አልፎ ኢስት ቪሌጅ ወደሚባለው ሰፈር ይወርዳል፤ የማያነብም ሰው ያልፍበታል። የቅስቱ ሆድ በቀይ ዝግባ ተለብጧል፤ ችኑክ ሲመጣ ሰማይ ላይ የሚታየውን የደመና ቅስት እንዲያስታውስ ነው ይላሉ። የውጭውን ግድግዳ የሞላው የማዕዘን ጥለት ለዚህ ጸሐፊ ዐይን በዛ ብሎበታል። ግን ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጥለቱን ይረሳዋል፤ ብርሃን ከጣሪያው እስከ ታች ይወርዳል፣ የሚያነበው፣ የሚያንቀላፋው፣ ከብርድ ሸሽቶ የገባውም እኩል ይደርሰዋል። ምን ጉዳይ አለህ የሚል ጥበቃ ሳይገጥም በሙቀት የሚቀመጡበት ቤት መሐል ከተማው ውስጥ እምብዛም የለም።

በቦው ወንዝ ላይ የተዘረጋው የሳንቲያጎ ካላትራቫ ቀይ የእግረኛ ድልድይ በ2012 ሲከፈት 24.5 ሚሊዮን ዶላር ለምን ወጣ፣ ያለ ጨረታ ለውጭ አገር ሰው ለምን ተሰጠ ተብሎ ብዙ ተጮኸበት። በ2013 የመጣው ታላቅ ጎርፍ አልጎዳውም፤ ዛሬ የከተማዋ ፖስት ካርድ ነው። ድልድዩ ያምራል። ጩኸቱም ውበቱም ግን እዚያው መሐል ከተማ ነው፤ ከተማዋ ደግሞ መሐሏ ብቻ አይደለችም።

ካልጋሪ 820 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ትሰፋለች፤ አዲስ አበባ 527 ናት። በ2021 ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር 1,306,784 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሩጫ ጨምሯል። ከሚመጣው ሰው ውስጥ ሐበሻ ብዙ ነው። ሐበሻ የቢሮ ምሳ ሳይሆን የእሑድ ምሳ ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ፣ «ኢንተርናሽናል አቬኑ» ወደሚባለው 17ኛው ጎዳና ነው። ፎረስት ሎን የሚባለው ይህ ሰፈር እስከ 1961 ድረስ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር። ሕንፃዎቹ አንድና ሁለት ፎቅ፣ ታፔላቸው የተደራረበ፣ ፊታቸው በመኪና ማቆሚያ የተያዘ ነው፤ የኪነ ሕንፃ መጽሔት አይደርስባቸውም። ግን በራቸው ወደ መንገድ ይከፈታል። የቬትናም ሾርባ ቤቱና እንጀራ ቤቱ ተጎራብተዋል፤ ኪራዩ ዝቅ ያለ በመሆኑ አዲስ መጤ በትንሽ ገንዘብ ሱቅ ይከፍታል። መሐል ከተማው በድጎማ ሊመልሰው የሚለፋው ሕይወት እዚህ ያለ አርክቴክት በቅሏል። በ2018 ለፈጣን አውቶቡስ የተለየ መስመር ሲሠራ የእግረኛው መንገድም ተሻሻለ፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ካላትራቫ ድልድይ ይልቅ ለብዙ ሰው የሚጠቅም ሥራ ነው፣ ፖስት ካርድ ባይሆንም። የሚያሰጋው ጎዳናው ሲያምር ኪራዩ ማማሩን ተከትሎ የወጣ እንደ ሆነ ነው።

መኖሪያ ቤቱ ግን የሚገኘው ከዚህም ራቅ ብሎ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ቀለበት መንገድ በ2023 ማብቂያ ሲገጥም ሜዳውን እየበሉ የሚሄዱት ሰፈሮች ጭራሽ ተዘረጉ። የምክር ቤቱ ሰዎች በ2024 ነባር ሰፈሮች ውስጥ ተጠጋግቶ መሥራትን በሰፊው ፈቀዱ፤ በ2025 የተመረጠው ምክር ቤት ደግሞ ያንን ለመሻር ተነሣ። ይህ በዚህ እንዳለ በሰሜን ምሥራቁ ጫፍ፣ መጤው በብዛት በሚኖርበት፣ ቤት በፍጥነት ይሠራል፤ አጽሙ እንጨት ነው፣ ቆዳው ቪኒል የሚባል ስስ ፕላስቲክ።

በ1886፣ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ሰሞን፣ ከእንጨት የተሠራችውን ትንሿን ካልጋሪ እሳት በላት። ሰዎቹ ከእሳቱ ተምረው በአቅራቢያቸው ያለውን የአሸዋ ድንጋይ እየፈለጡ ትምህርት ቤትም፣ ባንክም፣ ፍርድ ቤትም ገነቡ፤ ከተማዋም የአሸዋ ድንጋይ ከተማ ተባለች። በ1911 የተመረቀው የድንጋይ ማዘጋጃ ቤት ዛሬም ቆሟል፤ ረጅሙ እድሳቱ ያለቀው በ2020 ነው። በዚያው ዓመት፣ ጁን 13 ቀን ምሽት፣ እንደ ጠጠር የጠነከረ በረዶ ሰሜን ምሥራቁን ወረደበት። የቤቶቹ ፕላስቲክ እንደ ወረቀት ተቀደደ፤ መድን ድርጅቶች የከፈሉት ከ1 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ እድሳት ባለቀበት በዚያው ዓመት የታክሲ ነጂውና የነርስ ረዳቷ ቤት በመስኮቱ ላይ ሸራ ተወጥሮበት ነበር። በኦገስት 2024 በረዶው ተመልሶ መጣ፤ አውሮፕላን ማረፊያውን ጨምሮ ከመጀመሪያው የበለጠ ጥፋት አደረሰ፤ የሰሜኑ ሰፈሮች ፕላስቲክም እንደገና ወለቀ።