ፈረሱ ውጭ፣ ጎጡ ውስጥ

በአዊ ዞን ጥርባ አካባቢ የአንድ ድንች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት ፈረሳቸውን አጥሩ ላይ እያሰሩ ገቡ። አጀንዳው አንድ ነው፤ የዘር ማከማቻው የት ይሠራ? ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰማሁት «የእኛ ጎጥ» እና «የእናንተ ጎጥ» ነበር። የጭነት መኪና ክረምት ከበጋ የት እንደሚደርስ የጠየቀ የለም። እኔም «በሰፊው ከተወያዩ በኋላ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ብዬ ዘጋሁት። ጥፋቱ የኔም ነበር፤ የተጣሉበትን ነገር «በሰፊው» በሚል ቃል ሸፈንኩት። ፈረሱን ውጭ ያሰረ ሁሉ ጎጡን ይዞ እንደገባ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ «እኛ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እኛ ማን? በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የአባል ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው። ያን አንድ ድምፅ የሚሰጠው ግን አንዴ አርሶ አደሩ፣ አንዴ ነጋዴው፣ አንዴ የጎጡ ሽማግሌ ነው፤ ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በአክሲዮን ማኅበር ቦርድም ያው ነው፤ መሥራቹ «እኔ ያቋቋምኩት» ሲል ሒሳቡ ይረሳል።

«ማንነታችሁን ውጭ ተዉት» የሚለው ምክር አይሠራም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር የባንጃውም የአንከሻውም ሰው ስሙን አይደብቅም፤ ሰባት ቤት አገው ተብሎ ነው አንድ የሚሆነው።

ስለዚህ ውይይቱን በሁለት ዙር አደርጋለሁ። በመጀመሪያው እያንዳንዱ ስለ ጎጡ ይናገራል፤ በስሙ ይመዘገባል። በሁለተኛው ንግግሩን «ማኅበሩ» ብሎ ይጀምራል።

በድንች አምራቾቹ ቀጣይ ስብሰባ አንድ አባት በመጀመሪያው ዙር ለጎጣቸው አጥብቀው ተከራከሩ። ተራው ሲመለስ ዝም ብለው ቆዩና «ማኅበሩ መኪና የሚገባበት ቦታ ይሻለዋል» አሉ። ያ ቦታ የሳቸው ጎጥ አልነበረም። ድምፅ ተሰጠ፤ አለፈ።

ፈረሳቸውን ሲፈቱ ጠሩኝ። «ልጄ፣ አሁን ለጎጤ ማን ይነግርልኛል?»

ቃለ ጉባኤውን በሁለት ቅጂ ገልብጬ አንዱን ሰጠኋቸው፤ መጀመሪያ የተከራከሩበት ገጽ ከላይ እንዲሆን አድርጌ።