እጅ ከፍንጅ

«እጅ ከፍንጅ ተያዘ» ከተባለ ነገሩ ያለቀለት ይመስለናል። በጥይት ወንጀል ግን እጅም ሊዋሽ ይችላል።

ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ርእሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኮንን በተገደሉበት ምሽት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ተገደሉ። በጄኔራሉ ግድያ የተጠረጠረው ጠባቂ ራሱን አጠፋ ሲል ፖሊስ ነገረን፤ ብዙም ሳይቆይ ቆስሎ ሕክምና ላይ ነው አለን። እኔን ያሳሰበኝ የወሬው መገለባበጥ ብቻ አይደለም። የሰውየው መኖርና መሞት በቅጡ ባልተለየበት ሰዓት፣ እጁን ማን ጠብቆት ይሆን?

እጅ የሚጠበቀው ለምን መሰላችሁ? ጥይት ሲተኮስ ከቀለሃው ግርጌ ያለችው ማቀጣጠያ ትፈነዳና እርሳስ፣ ባሪየምና አንቲሞኒ ያለበት፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ትረጫለች። ብናኙ በሕያው ሰው እጅ ላይ ከአምስትና ከስድስት ሰዓት በላይ እምብዛም አይቆይም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ተጠርጣሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ብናኙ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ከታጠቡትማ ወዲያው ይሄዳል። የኛ ሰው ደግሞ እህል ሊቀምስ ሲል እጁን ይታጠባል፤ ጣና ዳር ያለ ተኳሽ ውሃ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

ስለዚህ ሰውየው እንደተያዘ እጁ በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል (በፌስታል አይሆንም፣ ያልበዋል)። ከዚያ መሣሪያ ያልነካ ሰው ብናኙን በሚያጣብቅ ነገር ይለቅመዋል፤ ቤተ ሙከራም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየዋል። እኛ የለመድነው አያያዝስ? ክላሽ ያነገተ ፖሊስ ክንዱን ጠምዝዞ ፒክአፕ ላይ ይወረውረዋል። ያ ፖሊስ ጠዋት ዒላማ ሲተኩስ አርፍዶ ከሆነ፣ ከራሱ እጅ ለተጠርጣሪው አካፈለው ማለት ነው።

ብናኙ ቢገኝስ ምን ይላል? ሰውየው ተኩሷል፣ ወይም ተኩስ አጠገብ ነበር፣ ወይም የተተኮሰበትን ነገር ነክቷል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ለሠርግ ወደ ሰማይ በሚተኮስበት አገር እኮ ሚዜው ሁሉ ተጠርጣሪ ሊሆን ነው!

እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ውስጥ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ጂል ዳንዶ በጥይት ተገደለች። በ2001 አንድ ሰው ተፈረደበት፤ ከቀረቡበት ማስረጃዎች አንዷ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ የተገኘች አንዲት ብናኝ ነበረች። አንዲት! በ2007 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረ፤ ብናኟ ተኩሶም ሳይተኩስም እኩል ልትገኝ እንደምትችል ባለሙያዎቹ ተናግረው ነበር። በ2008 ነጻ ሲለቀቅ ስምንት ዓመት ገደማ ታስሯል።

እኔ ጠበቃ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ደንበኛዬ በስንት ሰዓት እንደተያዘ፣ እጁ በስንት ሰዓት እንደተለቀመ፣ የለቀመው ፖሊስም ክላሹን የት አስቀምጦ እንደመጣ ነው።