«መተካካት» በኬሚስትሪ፤ አንድ ስያሜ ለሁለት ክንውኖች

በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት ተማሪው ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ፣ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ምን እንደሚገኝ አስቀድሞ መናገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም መምህሩ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ስለሚያብራራ፣ ስያሜው ለተማሪው የመጀመሪያ ፍንጭ ይሆናል። «ነጠላ መተካካት» እና «ድርብ መተካካት» የሚሉትን ስያሜዎች የምንመረምረው ከዚህ አንጻር ነው።

«ተተካካ» ተደራራጊ ግስ ነው፤ አንዱ በሌላው፣ ሌላውም በአንዱ ቦታ መግባቱን ያመለክታል። ዚንክ በመዳብ ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ሲገባ ግን የሚሆነው ይህ አይደለም። ዚንኩ የመዳቡን ቦታ ይይዛል፤ መዳቡም ተለይቶ ይወጣል። በአንጻሩ መዳብ በዚንክ ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ቢነከር ለውጥ አይታይም። ድርጊቱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሳለው ስያሜው ሁለት ስለሚሰጠው፣ ተማሪው የማይገኘውን ውጤት ለመጻፍ ይደፋፈራል። «ነጠላ» የሚለው ቅጽልም ይህን አያቃናውም፤ ግሱ በራሱ ሁለት ወገን ይጠይቃልና።

የብር ናይትሬትና የሶዲየም ክሎራይድ ሙሙቶች ሲቀላቀሉ ግን ውሁዶቹ በእርግጥ አዮን ይለዋወጣሉ፤ ነጭ የብር ክሎራይድ ዝቃጭም ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው «መተካት»፣ ሁለተኛው «ልውውጥ» ቢባል የተሻለ ይመስለናል።

ስያሜዎቹ ጥንድነታቸውን ያጣሉ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጥንድነት ግን ለመዝገበ ቃላት ጌጥ ነው። እርግጥ ነው፣ የትኛው ብረት የትኛውን እንደሚተካ፣ የትኛው ጨው እንደሚሟሟ ስያሜ ብቻውን አያስተምርም፤ ቢያንስ ግን ተማሪውን ሊያሳስት አይገባውም።