የመሮው ጀርባ

ከጃፓን የሚመለስ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ መገመት አይከብድም፦ ማራገቢያ፣ የሻይ ስኒ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ከአየር ማረፊያ የተገዛ ጣፋጭ። ጣፋጩ በሳምንት ያልቃል፤ ማራገቢያው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። በእጁ መሥራት ለሚወድ፣ ወይም በእንጨት ሥራ የሚተዳደር ወንድም ላለው ሰው ግን ከዚያ አገር ከሚመጣው ዕቃ ሁሉ መሮን የሚያህል የለም። ሻንጣ አያጣብብም፤ በደንብ ከተያዘም ለልጅ ይተርፋል። ችግሩ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ የተደረደሩት ሁሉ ያብረቀርቃሉ፤ የአንዱ ዋጋ ግን ከሌላው አሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ልዩነት አጥርቶ የሚናገረው የመሮው ጀርባ ነው።

ኖሚ የሚባለው የጃፓን አናጺ መሮ ከሩቅ ሲታይ ከሌላው መሮ እምብዛም አይለይም። የተሳለውን አፉን ወደ ብርሃን ስታዞሩት ግን ሁለት ቀለም ይወጣል። አብዛኛው ክፍል ደብዛዛ ግራጫ ሲሆን ጫፉ ላይ ጥርት ብሎ የሚያበራ ቀጭን መስመር አለ። ግራጫው ለስላሳ ብረት ነው፤ የሚያበራው ጠንካራ አረብ ብረት ነው። ቀጥቃጩ ለስላሳውን ብረት በእሳት ያግላል፤ ቦራክስና የብረት ብናኝ ነስንሶ ስሱን የአረብ ብረት ቁራጭ ይደርብበታል፤ ከዚያ በመዶሻ እየመታ አንድ ያደርጋቸዋል። እሳቱ ከበዛ አረብ ብረቱ ጥንካሬ የሚሰጠውን ካርቦን ያጣል፤ ካነሰ ደግሞ ሁለቱ አይያያዙም። ሙቀቱ የሚለካው በብረቱ ቀለም ስለሆነ ብዙ ቀጥቃጮች ቤታቸውን ጨለም አድርገው ይሠራሉ።

ድካሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ጠንካራ ብረት ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን ግን በመዶሻ ምት ይሸረፋል፣ ለመሳልም ያስቸግራል። ለስላሳው ብረት ምት ይችላል፣ በድንጋይም ቶሎ ይፋቃል፤ ስለት ግን አይዝም። ሲደረቡ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ስመ ጥር ቀጥቃጮች ለለስላሳው ክፍል አሮጌ ብረት ያድናሉ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የመርከብ መልሕቅ፣ ሰንሰለት፣ የፈረሰ ድልድይ። የዚያ ዘመን ብረት ካርቦኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ከመሳያ ድንጋይ ጋር አይታገልም፤ በደንብ ሲሳልም ገጹ ላይ እንደ ጽድ እንጨት ጅማት የተዘረጋ ስስ መስመር ያወጣል።

ለጠንካራው ክፍል በብዛት የሚመረጠው በሺማኔ አውራጃ፣ ያሱጊ ከተማ የሚመረተው አረብ ብረት ነው። ነጋዴዎቹ በመጠቅለያው ወረቀት ቀለም ነጭና ሰማያዊ እያሉ ይለዩታል። ነጩ ከካርቦን በቀር ብዙ ነገር ያልገባበት ንጹሕ ብረት ነው፤ እጅግ ስል አፍ ያወጣል፣ በቀላሉም ይሳላል። ሰማያዊው ተንግስተንና ክሮሚየም ስለተጨመረበት ስለቱ ይቆያል፣ መሳሉ ግን ይከብዳል። በድንጋይ መሳልን ገና ለሚለማመድ ሰው ነጩ ይሻላል።

አሁን መሮውን ገልብጡት። ጀርባው መሃል ላይ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ዙሪያውን ጠባብ ጠፍጣፋ ጠርዝ ይከበዋል። መሮ ቀጥ ብሎ እንዲቆርጥ ጀርባው ፍጹም ልክ መሆን አለበት፤ ይህን ያህል ጠንካራ ብረት በሙሉ ስፋቱ በድንጋይ ማስተካከል ግን ጉልበት ይጨርሳል። ጎድጓዳው ስፍራ ይህን ጣጣ ያስቀራል፤ ድንጋዩን የሚነካው ጠርዙ ብቻ ነውና። የቀጥቃጩ እጅ ጎልቶ የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። የግራና የቀኙ ጠርዝ እኩል ነው? ጉድጓዱ መሃሉን ይዟል ወይስ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል? ወደ አፉ ሲጠጋ በአንድ ለስላሳ ቅስት ይዘጋል ወይስ ድንገት ተቆርጦ ይቀራል? ሰፋፊ መሮዎች ላይ አንዳንዴ ሦስት ጉድጓድ ጎን ለጎን ይሠራል። ለዓይን ያምራል፤ የመሮው ሥራ ግን በጉድጓድ ብዛት አይሻሻልም። በጥንቃቄ የወጣ አንድ ጉድጓድ ይበቃል። ላዩ ላይ የውኃ ማዕበል የሚመስል ጌጥ ያለበትንም እንዲሁ እዩት፤ ጌጡ ለዋጋው እንጂ ለስለቱ አይጨምርም።

ቀጥሎ ጎኑን ተመልከቱ። ሁለቱ ብረቶች የተጋጠሙበት መስመር በሁለቱም ጎን በእኩል ከፍታ መሄድ አለበት፤ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ከሳሳ መዶሻው ልክ አላረፈም ማለት ነው። በመጋጠሚያው ላይ ጥቁር ክፍተት ከታየ መሮውን መልሱት። ከዚያ አንዱን ዓይን ጨፍናችሁ ከእጀታው ጫፍ እስከ አፉ እዩ፤ ብረቱ፣ አንገቱና እንጨቱ በአንድ መስመር መዋል አለባቸው።

እጀታው አብዛኛውን ጊዜ ከኦክ እንጨት ይሠራል። የእንጨቱ ጅማት ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ ቀጥ ብሎ የሄደ እንደሆነ ምቱን ይችላል። በራሱ ላይ ያለው የብረት ቀለበት እንጨቱ በመዶሻ ምት እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሸጠው እንደ ነገሩ ተሰክቶ ነው። የመጨረሻው ሥራ ለገዢው የተተወ ነው፦ ቀለበቱን አውልቆ የእንጨቱን ጫፍ በመዶሻ ጠቅጠቅ ማድረግ፣ መልሶ ማስገባት፣ ከዚያ ከቀለበቱ በላይ ትርፍ ሆኖ የቀረውን እንጨት በዙሪያው መትቶ ማጠፍ። ስለዚህ ላላ ያለ ቀለበት ስታዩ ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

በብረቱ ላይ የተመታ ማኅተምም አለ። የቀጥቃጩ ስም ሊሆን ይችላል፤ የጅምላ ነጋዴው ምልክትም ሊሆን ይችላል፤ ሻጩን መጠየቅ ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1876 የጃፓን መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መዞርን ሲከለክል ብዙ ሰይፍ ሠሪዎች እንጀራቸው ተቋርጦ ወደ አናጺ መሣሪያ ዞሩ። ከሰይፍ ሠሪ ቤተሰብ የወጣው ቺዮዙሩ ኮሬሂዴ (እ.ኤ.አ. 1874–1957) በመሮና በመላጊያ ስሙን የተከለው በዚህ መንገድ ነው። በእኛ አገር ቀጥቃጭ በሙያው ሲሰደብና ሲገለል ኖሮ፣ አጼ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ቀጥቃጭ ስሙን በብረቱ ላይ መትቶ፣ ገዢው ያንን ስም ፈልጎ ሲመጣ ማየት ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ትልቅ ነገር ነው።

ጊዜ ያለው ሰው ከቶኪዮ ሱቆች አልፎ ወደ ምንጩ ይሂድ። ከኮቤ ብዙም የማትርቀው ሚኪ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1578 እስከ 1580 በቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ጦር ተከብባ ፈራርሳ ነበር፤ መልሶ ለመገንባት የጎረፉት አናጺዎችና ቀጥቃጮች የዛሬዋን የመሣሪያ ከተማ መሠረት ጣሉ። በኒጋታ አውራጃ የምትገኘው ሳንጆ ደግሞ በጎርፍ የተጎዱ ገበሬዎች ገቢ እንዲያገኙ በተጀመረ የሚስማር ሥራ ነው የተነሣችው። ኮቤ ያለውን የታኬናካ የአናጺ መሣሪያዎች ሙዚየም ሳያዩ መግዛትም አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ1943 በተደረገ ጥናት አንድ የተሟላ የአናጺ ዕቃ 179 መሣሪያ እንደነበረው የሚያሳይ ትርኢት እዚያ አለ። ከነዚህ ብዙዎቹ መሮዎች ናቸው።

መጋዝና መላጊያም ይፈትናሉ። የጃፓን መጋዝ የሚቆርጠው ሲሳብ ነው፤ ሲሳብ ደግሞ ስለማይታጠፍ ሰሌዳው እጅግ ስስ ሆኖ ይሠራል፣ የሚያወጣውም የቁርጥ መስመር ጠባብና ንጹሕ ነው። ምላጩ የሚቀየረው ዓይነት ርካሽና ለስጦታ ምቹ ነው፤ ጥርሶቹ ግን በኤሌክትሪክ ስለጠነከሩ ሞረድ አይነካቸውም፣ ሲዶለዱሙ መጣል ነው። ለአዲስ አበባ የምትገዙ ከሆነ ተጨማሪ ምላጭ አብራችሁ ያዙ። መላጊያው ወደ ራስ የሚሳብ ሲሆን በባለሙያ እጅ ውፍረቱ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ፍቅፋቂ ያወጣል። ነገር ግን የእንጨት አካሉ ከጃፓን እርጥበት ወደ አዲስ አበባ ደረቅ በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፤ ምላጩ ጠብቆ ከተቀመጠ አካሉን ሊሰነጥቀው ይችላል። መላጊያ ከገዛችሁ ምላጩን አላልታችሁ ጫኑ፣ ቤትም ስትደርሱ ቀስ በቀስ አለማምዱት።

መሮው በዚህ ረገድ ታዛዥ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ጃፓናውያን አብዝተው የሚሠሩት እንደ ሂኖኪና ሱጊ ባሉ ለስላሳ እንጨቶች ላይ ነው። ዝግባና ዋንዛ ላይ መሮው እንዳለ ይሠራል፤ ወይራ ላይ ግን ቀጭኑ አፍ ሊሸረፍ ስለሚችል የተሳለበትን ማዕዘን ከ30 ወደ 35 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ይበጃል። በክረምት ደግሞ ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ይህ ብረት ዝገት አይችልም።

ወደ ሻንጣው ስንመጣ ነገሩ አጭር ነው። በጃፓን ሕግ ከ6 ሳንቲሜትር የረዘመ ስለት ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞር ክልክል ስለሆነ፣ መሮው ከነሱቁ መጠቅለያና ከነደረሰኙ ሆቴል ይግባ። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አይሞከርም፤ አፉን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ በሚጫነው ሻንጣ መሃል፣ በልብስ መካከል አስቀምጡት።

አሥር መሮ በእንጨት ሣጥን ተደርድሮ ሲታይ ያጓጓል። ፍርዴን ጠይቃችሁኝ ከሆነ ግን ሣጥኑን ተዉት። በዚያው ገንዘብ ስሙ የታወቀ ቀጥቃጭ የሠራውን፣ ወርዱ 24 ሚሊሜትር የሆነ አንድ መሮ ግዙ፤ በተረፋችሁም ባለ 1000 እና ባለ 6000 ቁጥር መሳያ ድንጋይ ጨምሩበት። ድንጋይ የሌለው መሮ ጥቂት ቀን ቆርጦ ይዶለዱማል። እቤት ስትደርሱም መስታወት ውስጥ አትስቀሉት፤ ለሚሠራበት ሰው ስጡት።