ኬትሳልና በትር፦ የጓቲማላ ሪፐብሊክ ከዓርማዎቿ ጀርባ

የጓቲማላ ባለ 25 ሴንታቮ ሳንቲም ሁለት ገጾቹ የሚተዋወቁ አይመስሉም። በአንደኛው ገጽ የመንግሥቱ ዓርማ ተቀርጿል፤ ሳንጃ የተሰካባቸው ሁለት ጠመንጃዎች፣ ሁለት ጎራዴዎች፣ የሎረል ቅጠል ጉንጉን፣ የነጻነት ቀን የተጻፈበት ብራና፣ ከብራናው ጫፍ ደግሞ ረጅም ጅራቷን ቁልቁል የለቀቀች ኬትሳል የምትባል ወፍ። በሌላኛው ገጽ የአንዲት ሴት መልክ አለ። ራሷ ላይ ዙሪያውን ተጠምጥሞ አክሊል የመሰለው፣ በአቲትላን ሐይቅ ዳር የሚኖሩ የጹቱሂል ማያ ሴቶች የሚጠመጥሙት በጣም ረጅም የተሸመነ መቀነት ነው። ሴትየዋ በሠዓሊ ምናብ የተፈጠረች አይደለችም። የሳንቲያጎ አቲትላን ተወላጅ ነበረች፤ ያረፈችውም በ2021 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳንቲሙ ላይ መንግሥቱ ስምና የልደት ቀን አለው፤ እሷ ግን መልክ ብቻ አላት።

የጓቲማላን የመንግሥት አወቃቀርና ብሔራዊ ምልክቶች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ይህንኑ ነገር ደጋግሞ ያገኘዋል። መንግሥቱ ጌጡን ከማያ ሕዝቦች ወሰደ፤ ሥልጣኑን ግን አላካፈላቸውም። በ2023 ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ ገደል አፋፍ ላይ በቆመ ጊዜ የደረሰለት ደግሞ በየትኛውም አዋጅ ከብሔራዊ ምልክቶች ተራ ያልገባ፣ ከእንጨት የተጠረበ የሽማግሌዎች በትር ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ብራናው ላይ ካለው ቀን ነው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1821 የነጻነቱን ሰነድ የፈረሙት የቅኝ ግዛቱ ባለሥልጣናትና በአገሩ የተወለዱ የስፔን ዘር ባላባቶች ናቸው። የሰነዱ የመጀመሪያ አንቀጽ የጥድፊያቸውን ምክንያት አይደብቅም፤ ሕዝቡ ራሱ ቀድሞ ነጻነትን ቢያውጅ የሚከተለው አስፈሪ ነው ይላል። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ከዓመት በፊት በቶቶኒካፓን የኪቼ ማያዎች በግብር ምክንያት ተነሥተው አታናሲዮ ጹልን ዘውድ ደፍተውለት ነበር፤ ጦር ዘምቶ ከሳምንታት በኋላ አመፁን አዳፈነው። እንግዲህ ዓርማው ላይ ያለው ቀን የታወጀውን ነጻነት ብቻ ሳይሆን፣ እንዳይታወጅ የተቀደመውንም ያስታውሳል።

ሰንደቅ ዓላማው ከዚህ ያነሰ ምስጢር የለውም። ሰማያዊና ነጩ ቀለም የመካከለኛው አሜሪካ ፌዴሬሽን ቅርስ ነው። ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ወግ አጥባቂው ራፋኤል ካሬራ ሲነግሥ (ፕሬዚዳንት ነበር፤ ግን በ1854 የዕድሜ ልክ ሹመት ለተቀበለ ሰው ይህ ቃል አይበዛበትም) የስፔን ቀይና ቢጫ ወደ ባንዲራው ተመልሶ ገባ። በ1871 ሊበራሎቹ በጦር ሲያሸንፉ ቀይና ቢጫውን አውጥተው፣ ኦገስት 17 ቀን በወጣ አዋጅ ሰማያዊና ነጩን አቁመው ሰፉት፤ በአካባቢው ያሉት የሆንዱራስ፣ የኤል ሳልቫዶርና የኒካራጓ ግን አግድም ነው። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንዳዊው ቀራጭ ፍሬነር የነደፈው ዓርማ ጸደቀ። ጠመንጃዎቹ ሬሚንግተን ናቸው። የነጻነት ዘመን መሣሪያ አይደሉም፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሥልጣን የያዘው ጦር የታጠቃቸው ናቸው። ስለዚህ ዓርማው የ1821ን ቀን ይዞ የ1871ን ድል ይዘክራል።

ኬትሳሏ ግን ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች። አረንጓዴ ላባዋ የጥንት የማያ ነገሥታት ማዕረግ ነበር። ከታሰረች ትሞታለች ስለሚባል የነጻነት ምልክት ሆና ተመረጠች። ይህን የመረጠው መንግሥት በጎን ምን ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ከ1873 እስከ 1885 የገዛው ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ አገሪቱን ለቡና አሰናዳ። ከኛው ጫካ የተነሣው ተክል እዚያ ሲደርስ የመሬት ጥያቄ ይዞ ነው የደረሰው፤ የመንደሮች የጋራ መሬት ወደ ግል ይዞታ ዞረ፣ በ1877 የወጣው የቀን ሠራተኞች ደንብም የማያ ገበሬዎችን በዕዳና በግዳጅ ከእርሻዎቹ ጋር አሰራቸው። ሠራተኛው ዕዳው የተመዘገበበት ደብተር ይዞ እንዲዞር ይገደድ ነበር። መታሰር የማትችለው ወፍ በዓርማው ላይ በተቀመጠች በስድስት ዓመቷ መሆኑ ነው።

ብሔራዊ መዝሙሩ ለብቻው የሚያስገርም ጉዳይ ነው። በ1897 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘመር የዜማው ደራሲ ራፋኤል አልቫሬስ ኦቫሌ ይታወቅ ነበር፤ ግጥሙ ግን ደራሲው አልታወቀም። በ1911፣ ሊሞት ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ ጸሐፊው ኩባዊው ስደተኛ ሆሴ ሆአኪን ፓልማ እንደሆነ ተገለጠ። መዝሙሩ የተመረጠበት ውድድር በተካሄደበት ጊዜ የገዛ አገሩ ኩባ ከስፔን ጋር ደም ትፋሰስ ነበር። የጓቲማላ ነጻነት በአንጻሩ በስብሰባ አዳራሽ ያለቀ ነው። በ1934 ሆሴ ማሪያ ቦኒያ ሩዋኖ የተባለ የሰዋስው ሊቅ ግጥሙን አርሞ የጦረኝነት ቃናውን አለዘበው። በእኔ ግምት እርማቱ የታሪክ ሐቀኝነት ነበረው፤ በደም ያልተገኘ ነጻነት የሌላውን አገር ደም እንዳይዋስ ከልክሏል።

ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ስንመጣ ውሰቱ የባሰ ጨለማ ይላበሳል። በ1524 ከስፔናዊው ፔድሮ ደ አልቫራዶ ጋር ሲዋጋ የወደቀው የኪቼ መሪ ቴኩን ኡማን በ1960 ብሔራዊ ጀግና ተባለ። አፈ ታሪኩ ኬትሳል ደረቱ ላይ አርፋ ደሙን ነክታ ነው የወፏ ደረት የቀላው ይላል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የወታደሮች አመፅ ተነሣ፤ የ36 ዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነት የሚቆጠረውም ከዚያ ነው። በጦርነቱ መካከል ሠራዊቱ ለልዩ ኮማንዶዎቹ ካይቢል የሚል ስም አወጣ፤ የስፔን ወራሪዎችን እንቢ ካለው የማም ማያ አለቃ ካይቢል ባላም የተወሰደ ነው። በ1982 ዶስ ኤሬስ የምትባለውን መንደር የፈጁት ካይቢሎች ናቸው። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን በ1999 ባወጣው ዘገባ የሞቱትና የደረሱበት የጠፋው ከ200,000 በላይ እንደሚሆኑ ገምቷል፤ ማንነታቸው ከተለየ ሰለባዎች 83 በመቶው ማያ ነበሩ። የሞተ ማያ ሐውልት ሲቆምለት የቆመው ማያ ጠላት ተብሎ ይታደን ነበር።

የዛሬው መንግሥት የቆመበት ሕገ መንግሥት በ1985 ተረቅቆ በጃንዋሪ 1986 ሥራ ላይ ዋለ፤ ባለፈው የደነገጠ ሰው እጅ ያረፈበት መሆኑ ያስታውቃል። ፕሬዚዳንቱ አራት ዓመት ይገዛል፤ ዳግመኛ መመረጥ ፈጽሞ ክልክል ነው። በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ መሪ ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር አይችልም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን አምስት ዳኞች አምስት አካላት አንድ አንድ ይመርጣሉ፤ ከመራጮቹ መካከል የጠበቆች ማኅበርና የሳን ካርሎስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በ1993 ፕሬዚዳንት ሴራኖ ምክር ቤቱን ሊበትን ሲነሣ የገታው ይኸው ፍርድ ቤት ነው። ማያዎችን በተመለከተ ግን ሰነዱ ቁጥብ ነው፤ ስፓኒሽ የመንግሥት ቋንቋ ነው፣ የተቀሩት የብሔሩ ባህላዊ ቅርስ ናቸው ይላል። ቅርስ ይጠበቃል እንጂ አይሾምም። በ1999 ይህን ሊያሻሽል የቀረበው ሕዝበ ውሳኔ፣ ከመራጩ አንድ አምስተኛው እንኳ ሳይወጣ፣ ውድቅ ሆነ።

ከዚያ 2023 መጣ። በኦገስት በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ የአንድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ልጅ የሆነው በርናርዶ አሬቫሎ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። የዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ፓርቲውን ለማገድ ተንቀሳቀሰ፤ ከምርጫ ፍርድ ቤቱ የውጤት መዝገቦችን በፖሊስ ወሰደ። ሥልጣንን እንዲከፋፍሉ የተዘረጉት ተቋማት እርስ በርስ ተጠላለፉ። ኦክቶበር 2 48 ካንቶኖች የሚባሉት የቶቶኒካፓን ማኅበረሰቦች መሪዎች ከሌሎች የማያና የሺንካ ባለ ሥልጣናት ጋር ሆነው መንገዶች እንዲዘጉ ጠሩ፤ በዋና ከተማዋ በሚገኘው የዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ደጃፍም ከመቶ ቀን በላይ ተቀመጡ። በእጃቸው የያዙት በትር በማኅበረሰባቸው የተመረጡበት ምልክት ነው። የሚያገለግሉት ለአንድ ዓመት ነው፣ ያለ ደመወዝ፤ ውኃና የጋራ ደን ይጠብቃሉ፣ ጠብ ያበርዳሉ። ጊዜው ሲደርስ በትሩ ለተተኪው ይሰጣል። ዳግመኛ መመረጥን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ እነዚህ ሰዎች በኑሮ ያውቁታል።

ደጃፉ ላይ ከበትሮቹ ጎን ሰማያዊና ነጩ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። ስለዚህ ማያዎች ብሔራዊ ምልክቶቹን ይንቃሉ የሚለው ንባብ አይሠራም፤ ባንዲራውን የራሳቸው አድርገው ነው የቆሙት። አሬቫሎ ጃንዋሪ 15 ቀን 2024፣ ምክር ቤቱ ለሰዓታት ካጓተተ በኋላ፣ ከእኩለ ሌሊት አልፎ ቃለ መሐላ ፈጸመ። በበትር የተከበበ ፕሬዚዳንት ፎቶግራፍ ከዚያ ወዲህ ብርቅ አይደለም፤ እንደ ኬትሳሏ በትሩም ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር የሚሰጉ ተቺዎች ተሳስተዋል ለማለት ይከብዳል።

የዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ግን በትሩን እንደ ጌጥ አላየውም። በኤፕሪል 2025፣ በ2023 የ48 ካንቶኖችን አመራር ይዘው ከነበሩት ሁለቱ መንገድ በማዘጋታቸው በሽብርተኝነት ተከስሰው ታሰሩ። አንደኛው በዚያን ዕለት የአሬቫሎ መንግሥት ምክትል ሚኒስትር ነበር።