ካርታው የተቆረጠበት መጽሐፍ

መጽሐፉን ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ ነው። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለው ጣሊያናዊ መኮንን የኦሞን ወንዝ መድረሻ ፍለጋ ያደረገውን ጉዞ የሚተርክ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ሚላኖ የታተመ ነው። ሽፋኑ ደኅና ነው፤ ሥዕሎቹም በየቦታቸው አሉ። ሳልከራከር ከፍዬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ማታ ስገልጠው ግን ታጥፎ መቀመጥ የነበረበት ካርታ የለም። በምላጭ የተቆረጠ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል። በማግስቱ ነጋዴውን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ካርታውማ ለብቻው ተሸጧል፤ መስታወት ውስጥ አስገብተው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው። መጽሐፉን ማን ያነበዋል ብለው ነው?» አለኝ።

በነጋዴው መናደድ ቀላል ነበር። ነገር ግን ይህን ጠባይ ያስተማርነው እኛ ሰብሳቢዎቹ ነን። የጠረፍ አሰሳና የቅያስ መጻሕፍትን ስንገዛ አስቀድመን የምንጠይቀው የመጀመሪያ እትም መሆኑን፣ ሽፋኑ አለመቀየሩን፣ ካርታው መኖሩን ነው። ምን ይላል? እውነት ነው ወይ? የሚለው ጥያቄ ከተነሣም መጨረሻ ላይ ነው። እንግዲህ ካርታው ለብቻው ከመጽሐፉ የበለጠ ሲያወጣ መጽሐፉ ቢታረድ ምን ይደንቃል?

ካርታ ከመጽሐፉ ሲለይ ምን እንደሚያጣ ለመረዳት የአንቷን ዳባዲን ሥራ መመልከት ይበቃል። ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በኢትዮጵያ ተዘዋውሯል። የቅያሱን ውጤት ከ1860 እስከ 1873 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳተመው። በወግ ደረጃ ካየነው መጽሐፉ ደረቅ ነው፤ እንደ አርኖ ትረካ አይጥምም። ገጽ በገጽ የማዕዘን ልክ፣ የተራራ ስም፣ የከፍታ ቁጥር ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው አዛግቶኝ ዘግቼዋለሁ።

የመጽሐፉ ታላቅነት ግን እዚያው ድርቀቱ ውስጥ ነው። ዳባዲ ውጤቱን ብቻ አይሰጥም፤ ውጤቱ የተገኘበትን ልክ ጭምር አቅርቦ ራሱን ለመርማሪ ያጋልጣል። ተሳስቷልም። ግቤ የነጭ ዓባይ ዋና ምንጭ ነው ብሎ ያምን ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ክርክሩን አክርሮ፣ ዳባዲ ከፋ መድረሱን እስከ መጠራጠር ሄደ። በመጨረሻ ለጉዳዩ እልባት ከሰጡት አንዱ ያ ካርታው የተቆረጠበት መጽሐፍ ባለቤት ቦቴጎ ነበር። ግቤ የሚገባበት ኦሞ ወደ ዓባይ ሳይሆን ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ሐይቅ እንደሚፈስ በ1896 እ.ኤ.አ. አረጋገጠ። በዓመቱ በወለጋ ተገደለ፤ መጽሐፉንም የጻፉት ተማርከው የተለቀቁት ጓደኞቹ ቫኑቴሊና ቺተርኒ ናቸው። ከኋላ የመጡ ተጓዦች ዳባዲን ሲመዝኑት በመረጃው ታማኝ፣ በድምዳሜው ስሕተተኛ ሆኖ አገኙት። ይህን ለመለየት የተቻለው ቁጥሮቹ ከነምንጫቸው ስለታተሙ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ግን እርግጠኛ መስመር ብቻ ያሳያል፤ ጥርጣሬው መጽሐፉ ውስጥ ይቀራል።

«ይህ የሰብሳቢዎች ጭቅጭቅ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገባናል። ምኒልክና ጣሊያን በ1900 እ.ኤ.አ. የተፈራረሙት ውል የድንበሩን መስመር በመረብ፣ በበለሳና በሙና አድርጎ ከውሉ ጋር በተያያዘ ካርታ ላይ አሰመረው። ካርታው ራሱ የተነሣው ከስድስት ዓመት በፊት ከወጣው የደ ሾራን ካርታ ላይ ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት አሥር ሺዎች ካለቁ በኋላ፣ የድንበር ኮሚሽኑ ሄግ ላይ እነዚያን አሮጌ ካርታዎች ዘርግቶ፣ ለመሆኑ በለሳ የሚባለው የትኛው ጅረት ነው? ብሎ መመርመር ነበረበት። ውሳኔውን የሰጠው ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። ካርታ ላይ የተጻፈ የአንድ ጅረት ስም ከማን እንደተሰማ፣ ቀያሹ ራሱ ቦታው ደርሶ ይሁን ከሩቅ አይቶ፣ የማወቅን ዋጋ ከዚህ የበለጠ ምን ይመሰክራል?

ስለዚህ በእኔ ግምት የዚህ ዓይነት መጽሐፍ መለኪያ የሽፋኑ ማማር አይደለም። ደራሲው የለካውን ከሰማው፣ የሰማውን ከገመተው ለይቶ ጽፏል ወይ? ብለን እንጠይቅ። ይህን የሚያሟላ መጽሐፍ ምስጥ የበላው እንኳ ቢሆን ሊገዛ ይገባዋል።

የቦቴጎን መጽሐፍ አልመለስኩትም። ሙሉ ቅጂ ካለው ወዳጄ ካርታውን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ በተቆረጠው ቦታ አስገባሁት። ሰብሳቢ ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ ለዋጋው አንድ ብር አይጨምርም አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ታሪኩን እያነበብኩ ወንዙን በጣቴ እስከ ሐይቁ ድረስ መከተል ችያለሁ።